በነፃ ገብቶ ነፃ መውጣት

ለመሆኑ በነፃ የተበላ ድግስ ዕዳ አለው ወይስ የለውም?

ጥያቄውን ያለ ምክንያት አላነሣነውም። አገራችን የነፃ ድግስ አገር ናት። ለደመራ ትኬት አይቆረጥም፤ ለጥምቀት በር ላይ ቆሞ ገንዘብ የሚቀበል የለም፤ ጠበል ጠዲቅ የቀመሰ ሰው ሒሳብ አይጠየቅም። ሆኖም ማናችንም ብንሆን የሰው ድግስ በልተን ስንወጣ ነገሩ በዚያው ያለቀ አይመስለንም። ብድር በምድር ይባል የለ? ድግስ በገንዘብ ባይከፈልም በሌላ ነገር ይከፈላል፤ በውለታ፥ በአክብሮት፥ በማግሥቱ በሚታይ ጠባይ ይከፈላል። በዚህች ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ትልቅ የነፃ ድግስ ነው። የምንጠይቀውም ከዚያ ድግስ ምን ዕዳ አለብን ብለን ነው።

ድግሱ የተደገሰው እሑድ ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ ነው። ጥር 29 ቀን 1937 ዓ.ም. በጃማይካ የተወለደው ዘፋኝ ቦብ ማርሊ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ያን ቀን 60 ዓመት ይሞላው ነበር። እርሱ ግን በ1973 ዓ.ም. ገና በ36 ዓመቱ በካንሰር ሞቷል። ባለቤቱ ሪታ ማርሊና ልጆቹ ልደቱን «አፍሪካ ዩናይት» ብለው ሰይመው ከጃማይካ ወደ አዲስ አበባ አመጡት። ከሴኔጋል ዩሱ ንዱርና ባባ ማል፥ ከቤኒን አንጀሊክ ኪጆ፥ ከአሜሪካ ላውሪን ሂል መጡ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ። የመግቢያ ዋጋ አልነበረም። ባለመኪናውም ሊስትሮውም፥ ከሻሸመኔ የመጣው ራስ ተፈሪያንም፥ ባሕር ተሻግሮ በአውሮፕላን የመጣውም ባንድ አስፋልት ላይ ቆሙ። ከእኛ ሰፈር ከአየር ጤና የተነሣም ሰው በጦር ኃይሎች፥ በልደታ፥ በሜክሲኮ አድርጎ አደባባዩ ሲደርስ የከፈለው የታክሲ ብቻ ነው።

ከመካከላችን ያን ቀን ያልተወለደ አለ፤ የተወለደውም ገና በእናቱ ጀርባ ላይ የነበረ ነው። ስለዚህ ትዝታው የታላላቆቻችን ነው፤ እርሱን አንወስድባቸውም። ዕዳ ግን፥ ካለ፥ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይተላለፋልና እኛንም ይመለከተናል።

እዚህ ላይ የገዛ አማርኛችን አንድ ነገር ይነግረናል። «ነፃ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። በነፃ ገባ ስንል ሳይከፍል ገባ ማለታችን ነው። ነፃ ወጣ ስንል ደግሞ ከባርነት፥ ከእስር፥ ከገዥ እጅ ወጣ ማለታችን ነው። አንዱን ቃል ለሁለት ነገር የሰጠነው በድንገት አይመስለንም። ባሪያ ማን ነው? ዋጋ የተቆረጠለት ሰው ነው። ገበያ ቀርቦ፥ ጥርሱ ታይቶ፥ ክንዱ ተዳስሶ ይህን ያህል ያወጣል የተባለ ሰው ነው። ነፃ ሰው ደግሞ ማንም ምን ያወጣል ብሎ የማይጠይቅበት ሰው ነው። እንግዲህ አያት ቅድመ አያቶቻቸው በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ እንደ ዕቃ ተጭነው የተሸጡ ሰዎች፥ የፈጠሩትን ዜማ ይዘው መጥተው፥ ያለ ክፍያ ና ግባ ሲሉ የሚሠሩት ሥራ ከዘፈን በላይ ነው። በዋጋ ተመዝነው የነበሩት ሰዎች ዋጋ የማይጠየቅበት ቀን ደገሱ። በዚያ አደባባይ ለመቆም ሰው ሆኖ መገኘት ብቻ ይበቃ ነበር። በእኛ አስተያየት የበዓሉ እውነተኛ ትርጉም ይኸው ነው።

ታዲያ ይህ ከሆነ፥ በዚያ ቀን በነፃ የገባ ሰው በማግሥቱ የሌላውን ሰው ዋጋ መቁረጥ አይገባውም። ዕዳውም ይኸው ነው። በነፃ መግባትስ ቀላል ነው፤ ነፃ መውጣት ነው የሚያስቸግረው።

«ለምን እዚህ ደገሱት?» ያለ ቢኖር መልሱ ረጅም ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የሆነውን እኛ እንደ ራሳችን ድል ብቻ እናየው ይሆናል። ብራዚል ባርነትን በሕግ ከሻረች ገና 8 ዓመት አልሞላም ነበር። በዚያ ዘመን በኪንግስተን፥ በኒውዮርክ፥ በሐይቲ ለነበረ ጥቁር ሰው ዐድዋ ማለት «እኛም ማሸነፍ እንችላለን» ማለት ነበር። ድሉን የራሱ አድርጎ ወሰደው፤ በቃል ብቻም አልቀረም። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. በወረረችን ጊዜ ጆን ሮቢንሰን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ አውሮፕላን አብራሪ ከቺካጎ መጥቶ ለእኛ በረረ። ከድል በኋላም ተመልሶ አብራሪዎች አሠለጠነ፤ በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ የተቀበረው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን ደግሞ በ1929 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ ከደሞዛቸው እየቀነሱ ላዋጡት ጥቁር አሜሪካውያን ምስጋና እንዲሆን በ1940ዎቹ በሻሸመኔ አምስት ጋሻ መሬት ተሰጠ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካ ሲገቡ መንገድ ዳር ቆመው ካዩአቸው መካከል አንዷ ወጣቷ ሪታ ማርሊ ነበረች። ከ39 ዓመት በኋላ ድግሱን ይዛ ወደ እኛ የመጣችው እርሷው ናት።

አንድ ነገር እንጨምር። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ስለ ዘር መድልዎ ንግግር አደረጉ። ማርሊ ያን ንግግር ወስዶ በ1968 ዓ.ም. «ዋር» የተባለውን ዘፈን ሠራበት። እዚህ ላይ ንጉሡን ለማወደስም ለመክሰስም አልተነሣንም። የምንለው ይህን ነው፦ ሰው በቆዳው ቀለም አይመዘን የሚለው ቃል ከኢትዮጵያዊ አፍ ወጥቶ፥ በጃማይካዊ ዜማ ዓለምን ዞሮ፥ በዘፋኙ ልደት ቀን ወደ ወጣበት ቤት ተመለሰ። ቃሉ ቤቱ ሲደርስ ቤቱ ተጠርጎ ጠበቀው ወይ?

አልተጠረገም ነበር፤ ዛሬም አልተጠረገም።

ከእኛ ጋር የሚማር አንድ የጋምቤላ ልጅ አለ። ከአየር ጤና ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሲገባ ረዳቱ ወደ እርሱ ዞር ብሎ በእንግሊዝኛ «ዌር ዩ ጎ?» ይለዋል። ሌላውን ተሳፋሪ በአማርኛ ሒሳብ ጠይቆ እርሱ ላይ ሲደርስ ቋንቋ ይለውጣል። ልጁም ዝም ብሎ ይከፍላል። መውረጃው ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ሲል መኪናው ሙሉ ዞሮ ያየዋል። «እንዴ፥ አማርኛ ይችላል!» የምትል እናት አትጠፋም፤ በክፋትም አይደለም፥ እንዲያውም ደስ ብሏት ነው። ይችላል እንጂ! የገዛ አገሩ እኮ ነው። ይህ ልጅ በአኙዋክኛ አፉን ፈቶ፥ አማርኛና እንግሊዝኛ ጨምሮ የሚማር ኢትዮጵያዊ ሲሆን፥ በገዛ ዋና ከተማው በየቀኑ እንደ እንግዳ ይስተናገዳል። ምነው ቢሉ፥ ጠቆረ።

እንግዲህ አስቡት። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. በመቶ ሺህ ሆነን ለጥቁር ሕዝብ ዜማ እጃችንን ያነሣን ሰዎች፥ ከ8 ሺህ ማይል ማዶ የመጣውን ጥቁር «ወንድማችን» ያልን ሰዎች፥ ከጋምቤላ የመጣውን ወንድም የት አገር ነህ ብለን እንጠይቃለን። አባቶች የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚሉት ይህን ነው።

ነገሩ ከታክሲ ውስጥ ጥያቄ ያልፋል። የመልክ ስሞቻችንን እንመልከት። ቀይ፥ ቀይ ዳማ፥ ጠይም፥ ጥቁር። እነዚህ የመልክ ስሞች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ባልከፋ። ነገር ግን ሙሽራዋ ቀይ ናት ሲባል ሙገሳ ነው፤ ጠቆር ያለች ናት ሲባል ደግሞ «ግን» የሚል ቃል ይከተለዋል፤ «ግን ደም ግባት አላት» ይባላል። ኬንያ ለሥራ የሄደ ሰው ተመልሶ «አፍሪካ ሄጄ መጣሁ» ሲል ማንም አይስቅበትም። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ «ባሪያ» የሚለው ቃል ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ግዴታ ገባች፤ በዚያው ዓመት ባሮችን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት ፈጽሞ ተሻረ። ከዚያ ወዲህ ከ80 ዓመት በላይ አልፏል። አዋጁ ሰውየውን ነፃ አውጥቶታል፤ ስድቡ ግን አልወጣም። ዛሬም በየሰፈሩ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ጠቆር ያለው የሚሰማው ያንኑ የገበያ ቃል ነው። የዋጋ ተመን ቀርቶ የዋጋ ስም ቀረ ማለት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ከጓደኞቻችን ጋር ስንከራከር ሦስት ተቃውሞ ገጥሞናል፤ ሦስቱንም በቅንነት እናቅርባቸው።

የመጀመሪያው «እኛ እንደ እነርሱ ጥቁሮች አይደለንም» የሚል ነው። ጥቁር የሚባለው ማንነት በባሪያ መርከብ ላይ የተወለደ ነው፤ እኛ ደግሞ የራሳችን ታሪክ፥ የራሳችን ፊደል አለን፤ የሰው ቁስል ለምን እንዋሳለን? ይላሉ። ክርክሩ ባዶ አይደለም። የእነርሱን ስቃይ ሳንቀምስ የእነርሱን ስም በመልበስ ብቻ መኮፈስ አይገባም። ነገር ግን ቁስሉን አንዋስ ያለ ሰው ክብሩንም ሊዋስ አይችልም። ዐድዋን የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ድል ነው ብለን በየዓመቱ የምንኮራ ከሆነ፥ በ2004 ዓ.ም. የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» ሲወጣ ስሙን እንደ ማዕረግ ከተቀበልነው፥ ጥቁርነትን ለድሉ ጊዜ ለብሰን ለዕለት ኑሮ ማውለቅ አንችልም። ደግሞስ ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ ሰው አገር ማለታቸው አልነበረም? ስማችንን ይዘን ከየት ወዴት እንሸሻለን?

ሁለተኛው ተቃውሞ «ቃል ቃል ብቻ ነው» የሚል ነው። አያቴ የምትወደውን ልጅ «ጥቁሬ» ትለዋለች፤ ሰፈራችን ውስጥ «ሻንቆ» ተብሎ የሚጠራና በስሙ የሚስቅ ሰው አለ፤ ምን ክፋት አለው? ይላሉ። በ«ጥቁሬ» አንጣላም። በፍቅር የተሰጠ ስም በፍቅሩ ይለካል። ግን ፈተናው ቀላል ነው፦ ያን ቃል የተባለው ሰው መልሶ ሊልህ ይችላል ወይ? «ጥቁሬ» ያልከው ጓደኛህ «አንተ ቀዮ» ብሎ ይመልስልሃል፤ ትሳሳቃላችሁ። «ባሪያ» ያልከው ሰው ግን የሚመልስልህ ቃል በአማርኛ ውስጥ የለውም። መልስ የሌለው ስድብ ከስድብነት አልፎ የቆየ የሽያጭ ውል ንባብ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደን ነው። «ደስታን ለቀቅ አድርጉት» ይላል። ሰው አንድ ቀን ወጥቶ ቢዘፍን፥ ቢጨፍር፥ ከማያውቀው ሰው ጋር ቢተቃቀፍ ምን አለበት? ሁሉን ነገር ትምህርት ካላደረጋችሁ አትጠግቡም ወይ? እውነት አላቸው። በዓል ስብሰባ አይደለም፤ ደስታውም በራሱ መልካም ነው። ነገር ግን የጥቁር ሕዝብ ጥበብ የሚከበርበት ደስታ አንድ የተለየ ሥራ አለው፤ ሥራውን ለመረዳት ከአየር ጤና ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ኔልሰን ማንዴላ የወታደር ትምህርት የተማሩት እዚሁ ጎረቤታችን ኮልፌ በነበረው የፖሊስ ፈጥኖ ደራሽ ጦር ሰፈር ነው። በዚያው ዓመት ቀደም ሲል ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የመጡት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር። በሕይወት ታሪካቸው እንደ ጻፉት አውሮፕላኑ ላይ ሲወጡ አብራሪው ጥቁር መሆኑን አዩ፤ ጥቁር አብራሪ አይተው አያውቁም ነበርና ልባቸው ደነገጠ፤ ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ያበራል? የሚል ሐሳብ በውስጣቸው ብልጭ አለ። ወዲያው ግን ራሳቸውን ያዙት፤ የጥቁርን ሰው ማነስ የሚሰብከው የነጮች ትምህርት በእርሳቸውም ውስጥ መግባቱን ተረዱ። ዕድሜውን በሙሉ ለጥቁር ሕዝብ ነፃነት የሰጠ ሰው ይህን በራሱ ውስጥ ካገኘ፥ በእኛስ ውስጥ ምን አለ? የጥቁር ሕዝብ ዜማ፥ ሥዕል፥ ጭፈራ በአደባባይ የሚከበረው ይህን ክፉ ብልጭታ ከውስጥ ለማጥፋት ነው። ደስታው ራሱ መድኃኒቱ ነው፤ ሳንሰበክ፥ ሳንገሠጽ፥ ዓይናችንን ያለማምደዋል። ስለዚህ ደስታውን አንከለክልም። የምንጠይቀው መድኃኒቱ ሠርቶ እንደ ሆነ ብቻ ነው። የእኛ ፈተና ደግሞ ከማንዴላ ይለያል። ኢትዮጵያዊ አብራሪ ለእኛ ብርቅ አይደለም። አብራሪው፥ ሐኪሙ፥ አስተማሪው የጋምቤላ ወይም የቤኒሻንጉል ሰው ሆኖ ሲገባ በልባችን ምን ብልጭ ይላል? እያንዳንዳችን ለራሳችን እንመልስ።

በሕግም በኩል ያልተጠረገ ነበር። ያን እሑድ በአደባባዩ ከቆሙት የሻሸመኔ ሰዎች መካከል በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የኖሩ፥ ልጅ ወልደው ያሳደጉ ነበሩ። እኛ በዓሉን ስናከብርላቸው ብዙዎቹ በወረቀት ላይ የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ እዚሁ ተወልደው በአማርኛና በኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆቻቸውም እንደዚያው። መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ያስታወቀው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው፤ ከድግሱ 12 ዓመት በኋላ ማለት ነው። መታወቂያውም ያለ ቪዛ ለመኖር ይጠቅማል እንጂ ዜግነት አይደለም፤ መምረጥ አያስችልም። በአንድ ቀን «እንኳን ወደ ቤታችሁ መጣችሁ» ለማለት በቅተን፥ «ቤታችሁ ነው» የሚል ወረቀት ለመጻፍ 12 ዓመት ፈጀብን። እንግዳ ተቀባይነታችን እስከ አደባባዩ ጠርዝ ድረስ ነበር እንበል?

እንግዲህ ምን እናድርግ? ትልቅ ነገር አናወራም፤ ተማሪዎች ነን፤ አዋጅ የማውጣት ሥልጣን የለንም። በእጃችን ያለውን ግን እንወቅ። አንደኛ፥ ምላሳችን በእጃችን ነው። «ባሪያ» የሚለውን ቃል ለሰው መጥሪያ አናድርገው፤ በቀልድም ቢሆን፤ ሲባል ሰምተን ዝም አንበል። ሁለተኛ፥ ወንበራችን በእጃችን ነው። በየዓመቱ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር የጋምቤላ ልጆች መድረክ ላይ ወጥተው ሲጨፍሩ አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። ኅዳር 30 ምሳ ሰዓት ግን ለብቻቸው ጠረጴዛ ከበው ይበላሉ። ያቺ አንዲት ሌሊት ስንት ወንበር ታራርቃለች? ትሪያችንን ይዘን መሄድ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እሱም በነፃ ነው። ሦስተኛ፥ ጥያቄያችን በእጃችን ነው። ሕግ የምንማር፥ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ፊርማ የምንፈርም ሰዎች ነን፤ የሻሸመኔ ልጅ ፋይል ጠረጴዛችን ላይ ሲመጣ ያን እሑድ እናስታውስ።

ሌላ እንዲህ ያለ በዓል በከተማችን ቢደገስ እንሄዳለን፤ ከአየር ጤና ታክሲ ተሳፍረን፥ ተጋፍተን፥ ዘፍነን፥ ላባችንን ጠርገን እንመለሳለን። ስንመለስ ያው ታክሲ ውስጥ ከጋምቤላ የመጣው ጓደኛችን አጠገባችን ይቀመጣል። ረዳቱ ሒሳብ ሲቀበል በአማርኛ ይጠይቀው እንደ ሆነ እንሰማለን፤ ካልጠየቀውም እኛ እንነግረዋለን።